ሰው፣ የቤት እንስሳና የዱር አውሬ የሚጋሯቸው የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን
በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ትምህርት

መግቢያ

በአንድ አካባቢ ድርቅ ሲደርስ በቅድሚያ የሚቆጠረው የጠፋው ሰብልና ያለቀው ከብት ነው። ለተጎጂው ወገን የሚላከው እህል ከወደብ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ማደያ ጣቢያ ሲጓዝ በየደረጃው ይመዘናል፤ ይመዘገባል፤ ይፈረምበታል። ይሁን እንጂ እህሉ ተፈጭቶና ተጋግሮ ከተበላ በኋላ በሕፃኑ ሆድ ውስጥ ከእነማን ጋር እንደሚከፋፈል የሚያሳይ መዝገብ የለም። ወስፋትና ጃርዲያ ከምግቡ ከፊሉን ከቀሙት፣ መንጠቆ ትልም ደሙን ከመጠጠው፣ ራሽኑ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ በሕፃኑ ሰውነት ላይ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን ጉዳይ የሐኪም ብቻ ሳይሆን እህል የሚያድል፣ ውኃ የሚያስቆፍርና ሰፋሪ የሚያቋቁም ሠራተኛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ከእነዚህ ተሐዋስያን አንዳንዶቹ ከሰው ወደ ሰው ብቻ ይተላለፋሉ። ሌሎቹ ግን በሰው፣ በከብት፣ በውሻ፣ በዝንጀሮና በቀበሮ መካከል የሚመላለሱ ናቸው። የዚህ ትምህርት ዋና ትኩረት በእነዚህ በሁለተኞቹ ላይ ነው።

ሀ. የአካባቢው አቀማመጥና አኗኗር

ምዕራብ ሐረርጌ ከአዋሽ ሸለቆ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨርጨር ተራሮች የሚወጣ አገር ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በተራሮቹ መካከል ትገኛለች። ከእርስዋ በታች በቆላው የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባቸው አሰቦትና ሚኤሶ ሲሆኑ፣ በዚያ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ግመል፣ ከብትና ፍየል ያረባል። በደጋውና በወይና ደጋው ደግሞ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ የመሳሰሉት ከተሞች አሉ፤ በዙሪያቸውም ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቡናና ጫት ይመረታል።

በደጋው የእርሻ መሬት ጠባብ በመሆኑ ገበሬው ከብቱን ከቤቱ አጠገብ አስሮ ይቀልባል። ጥጃና ፍየል ብዙውን ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ውሻ ቤት ይጠብቃል፤ ጅብ በሌሊት ወደ ከተማ ገብቶ የተጣለውን አጥንትና ጥምብ ያጸዳል፤ ዝንጀሮና ጦጣም ከገደሉ ወርደው ማሳ ይዘርፋሉ። ከጭሮ ብዙ በማይርቀው በኩኒ አካባቢ የሚገኘው የኩኒ ሙክታር መጠለያ በአገራችን ብቻ ለሚገኘው ለደጋ አጋዘን ጥበቃ በ1990 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ የቤት ከብት ለግጦሽ ወደ እንደዚህ ያለው ደን በገባ ቁጥር አጋዘኑና ላሙ በአንድ ሣር ላይ ይገናኛሉ። በአጭሩ፣ ሰው፣ የቤት እንስሳና አውሬ በየራሳቸው ክልል ተለያይተው የሚኖሩበት ሁኔታ በዚህ አገር የለም።

ለ. የጥገኛ ተሐዋስያን ዓይነቶች

የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ በዓይን የማይታዩ፣ ባለ አንድ ሕዋስ የሆኑት ናቸው፤ አሜባ፣ ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም ከእነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሁለተኞቹ ትሎች ናቸው። ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና ጅራፍ መሰል ትል ድቡልቡል ትሎች ይባላሉ፤ ኮሶ ጥብጣብ መሰል ትል ነው፤ ብልሃርዝያና የጉበት ትል ደግሞ ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ናቸው። የጉበት ትልና የብልሃርዝያ ትል የሚኖሩት ከአንጀት ውጭ ቢሆንም እንቁላላቸው በዓይነ ምድር ስለሚወጣ ከአንጀት ጥገኞች ጋር አብረው ይጠናሉ።

እነዚህ ሁሉ ወደ አዲስ ባለቤት የሚደርሱት በአራት መንገዶች ነው፤ በውኃ፣ በአፈር፣ በሥጋና በውሻ አማካይነት።

ሐ. የውኃ መንገድ

ጃርዲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሌቨንሁክ የተባለው የሆላንድ ሰው ሲሆን፣ ይህም በ1681 እ.ኤ.አ. በራሱ ዓይነ ምድር ውስጥ ነበር። ይህ ተሐዋሲ በሰው፣ በጥጃ፣ በበግ፣ በውሻና በብዙ የዱር እንስሳት አንጀት ውስጥ ይኖራል። ከእንስሳቱ የሚገኙት ዘሮች ሁሉ ሰውን የሚይዙ አይደሉም፤ ነገር ግን ለሰውም ለእንስሳም የሚሆኑ ዘሮች አሉ። ከአንጀት ሲወጣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። አንድን ሰው ለማሳመም ከ10 የማይበልጡ ሕዋሳት ሊበቁ ይችላሉ። በሽታው የሚገማ ተቅማጥና የሆድ መነፋት ያስከትላል፤ ሲቆይም የቅባት ምግብ ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ ያደርጋል።

ክሪፕቶስፖሪዲየም ደግሞ በተለይ ገና በተወለዱ ጥጆች ላይ ተቅማጥ ያስከትላል። ጥጃውን የሚያጠባ ወይም ጉረኖውን የሚጠርግ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ በቀላሉ ይያዛል። ይህ ተሐዋሲ ውኃ ለማከም በሚጨመረው ክሎሪን አይሞትም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የደረሰው ነው፤ ከተማዋ ውኃዋን የምታጣራና በክሎሪን የምታክም ሆና ሳለ፣ ተሐዋሲው ማጣሪያውን አልፎ 400,000 ያህል ሰው ታሟል። ባለ ጠጋ ከተማ ያልዳነችበትን ነገር የኩሬ ውኃ የሚጠጣ መንደር በክሎሪን ብቻ ያመልጠዋል ተብሎ አይገመትም። የተፍለቀለቀ ውኃ ግን ጃርዲያንም ክሪፕቶስፖሪዲየምንም ይገድላል። ውኃው ከፈላ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ቢንተከተክ በቂ ነው።

ብልሃርዝያም የውኃ በሽታ ነው፤ ሆኖም የሚገባው በመጠጥ ሳይሆን በቆዳ በኩል ነው። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ከዚያም በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባና ወጥቶ በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ የዝንጀሮዎችና የጦጣዎች ዓይነ ምድር በተመረመረ ጊዜ ሰውን የሚያጠቃው የአንጀት ብልሃርዝያ እንቁላል ተገኝቶበታል። ይህም የሚያስተምረው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ መድኃኒት ቢወስድም ዝንጀሮው በዚያው ወንዝ ውስጥ በሽታውን ሊያቆየው እንደሚችል ነው። በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻ በተስፋፋ ጊዜ ብልሃርዝያም አብሮ መስፋፋቱ ይታወቃል፤ ቦዩ ለቀንድ አውጣው መኖሪያ፣ ለሥራ የመጣው ሕዝብም ለትሉ ማደሪያ ሆኗል።

መ. የአፈር መንገድ

አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በእርጥብና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መንጠቆ ትል ግን እስኪበላ ድረስ አይጠብቅም፤ እንቁላሉ በመሬት ላይ ይፈለፈልና ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በባዶ እግር የሚሄደውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንጀት ከደረሰ በኋላ ደም ይመጣል። አንዱ ዓይነት መንጠቆ ትል በቀን እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያባክናል። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ 100 ትል የተሸከመ ሕፃን በወር ውስጥ ከግማሽ ሊትር የበለጠ ደም ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ገርጥቶ፣ ደክሞና መማር ተስኖት የሚታይ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከመወቀሱ በፊት መመርመር ይገባዋል።

የሰው ወስፋትና የሰው መንጠቆ ትል በዋነኛነት በሰው ብቻ የሚኖሩ ናቸው። የውሻ መንጠቆ ትልና የውሻ ወስፋት ግን ሰው ውስጥ ሲገቡ አድገው እንቁላል ለመጣል ባይችሉም፣ እጫቸው በቆዳ ሥር ወይም በጉበትና በዓይን ውስጥ እየዞረ ጉዳት ያደርሳል። በተለይ ቡችሎች በሚጫወቱበት አፈር ላይ የሚድኹ ሕፃናት ለዚህ ይጋለጣሉ።

በጎች፣ ፍየሎችና የዱር አጋዘኖችም የሚጋሩት የጨጓራ ትል አለ፤ እርሱም ደም የሚመጥ ሲሆን ግጦሹን በእንቁላል ይሞላዋል። ይህ ትል ሰውን የሚይዘው ከስንት አንድ ጊዜ ቢሆንም ፍየሊቱን ገድሎ የቤተ ሰቡን ወተት ስለሚያስቀር ጉዳቱ ለሰው መትረፉ አይቀርም።

በዚህ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ጫት ነው። ጫት እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ሳይሆን እንደ ተቀጠፈ የሚቃም ቅጠል ነው። በተበከለ ውኃ ከተረጨ ወይም ባልታጠበ እጅ ከታሰረ፣ በላዩ ያለው እንቁላል ቀጥታ ወደ አፍ ይገባል። ሰላጣና ቃሪያም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው።

ሠ. የሥጋ መንገድ፤ ኮሶና የሐረር ሰንጋ

ኮሶ የሚያድገው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ርዝመቱ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ከጅራቱ እየተቆረጡ የሚወጡት ክፋዮች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይይዛሉ። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይበተናል፤ በሬው ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ እንቁላሉም በበሬው አንጀት ተፈልፍሎ ወደ ጡንቻው ይሄዳል። በ10 ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ነጭና ውኃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ኮሶ ይወጣዋል። ስለዚህ በሬው ለሰው ኮሶ ሰጠው ከማለት ይልቅ ሰው ለበሬው የሰጠው ተመልሶ መጣበት ማለት ይቀላል።

የምዕራብና የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ በሬን ካረሰበት በኋላ በማሽላና በበቆሎ አገዳ፣ በቅጠልና በተነቀለ ቡቃያ ከቤቱ አጠገብ አስሮ ያሰባዋል። የሐረር ሰንጋ በመባል በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የታወቀው ይህ ነው። ነገር ግን ሰንጋው የሚታሰርበት ጓሮ ቤተ ሰቡ የሚጸዳዳበት ጓሮ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ድካም ቄራ ላይ በአንድ ቢላዋ ሊከሽፍ ይችላል። የሥጋ መርማሪው ምላሱን፣ የመንጋጋውን ጡንቻና ልቡን ሰንጥቆ ከረጢቶቹን ካገኘ ሥጋው ይወገዳል ወይም በቅዝቃዜ እንዲቆይ ይታዘዛል። በድርቅ ዓመት ያንን ሰንጋ በመሸጥ እህል ለመሸመት ያሰበ ቤተ ሰብ ተስፋው በዚያ ይቋረጣል። መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር ከጤና ባሻገር የገበሬውን ሀብት መጠበቅ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አባቶችና እናቶች ለዚህ ትል የኮሶን አበባ፣ እንቆቆንና መተሬን ሲጠጡ ኖረዋል። የኮሶ ዛፍ አበባ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች እስከ መግባት ደርሷል። ሆኖም ልኩ ሳይታወቅ ሲወሰድ ሰውነትን ስለሚጎዳ፣ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይመረጣል። ሥጋው መካከሉ ድረስ ከበሰለ፣ ወይም በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ10 ቀን ከቀዘቀዘ ከረጢቶቹ ይሞታሉ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አረቄ ግን ከረጢቱን አይገድሉትም።

ረ. የውሻ መንገድ

በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ጥብጣብ ትል አለ። ቀበሮን የመሳሰሉ የዱር ሥጋ በሎችም ይሸከሙታል። እንቁላሉን በግ፣ ፍየል፣ ግመል ወይም ሰው ሲውጠው በጉበትና በሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይሆናል፤ በሰው ላይ ለብዙ ዓመት ቀስ በቀስ ካደገ በኋላ እንደ ሕፃን ራስ የሚያህልበት ጊዜ አለ። ውሻው በተራው የሚያዘው እብጠት ያለበትን ጉበት ወይም ሳንባ በጥሬው ሲበላ ነው።

በበዓል ቀን በየግቢው ሲታረድ፣ የተበላሸው ጉበት ለውሻ ሲወረወር ማየት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ የበሽታውን ዑደት በየዓመቱ ያድሳል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ በየሜዳው የሚወድቀው ከብት ለውሻ፣ ለቀበሮና ለጅብ ስለሚተው ሁኔታው ይባባሳል።

በዚህ ረገድ የአይስላንድ ታሪክ ለማስታወቂያና ለትምህርት ሠራተኞች የሚያጽናና ነው። በዚያች አገር በሽታው እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። በ1864 እ.ኤ.አ. የትሉን ሕይወትና የመከላከያውን ዘዴ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በየቤቱ ታደለ፤ በ1869 እ.ኤ.አ. ውሻን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ያን ጊዜ ውጤታማ መድኃኒት አልነበረም። ሕዝቡ ግን ማንበብ ይችል ስለነበር ተረዳ፤ የታመመ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠቱን ተወ፤ በሽታውም በሚቀጥሉት አሥርተ ዓመታት ጠፋ።

ሰ. ድርቅና ሰፈራ የሚያመጡት ለውጥ

ብርቱ ፀሐይ በሜዳ ላይ ያለውን እጭና እንቁላል አብዛኛውን ያደርቀዋል። ከዚህ የተነሣ ድርቅ ትልን የሚያጠፋ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምንጮች ሲነጥፉ ሰው፣ ከብት፣ ግመል፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ባልደረቀው በአንዱ ኩሬ ይሰበሰባሉ። በሰፊ አገር ላይ ተበትኖ የነበረው ዓይነ ምድርና ፋንድያ በኩሬው ዳር ይከማቻል፤ ዳሩም እርጥብ በመሆኑ እንቁላሉ ሳይሞት ይቆያል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎርፉ ሁሉንም ጠርጎ ኩሬው ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ አደገኛው ወቅት ድርቁ ያለቀ የሚመስልበት፣ ሕዝቡ ውኃ አገኘሁ ብሎ የሚደሰትበት የመጀመሪያው የዝናብ ሳምንት ነው። በ1995 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. ድርቅ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ወረዳዎች ክፉኛ መጎዳታቸው ሲታወስ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ በግምት ብቻ የተነገረ እንዳልሆነ ይታወቃል።

የምግብ እጥረትና ትል አንዱ ሌላውን ያግዛል። የተራበ ሰውነት ተሐዋስያንን የመቋቋም ኃይሉ ይቀንሳል፤ ተሐዋስያኑም ራቡን ያባብሳሉ። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ታመው ወደ ማገገሚያ የሚገቡ ሕፃናት ምግብ ብቻ ሳይሆን በጤና ሠራተኛ ትእዛዝ የትል መድኃኒት የሚሰጣቸውም ለዚህ ነው።

ሰፈራም ትል ተሸክሞ የመሄድና አዲስ ትል የማግኘት ጉዳይ አለበት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በችኮላ ሲጓዝ ብዙ ሰው በበሽታ አልቋል። በ1996 ዓ.ም. ገደማም ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ በርካታ አባወራዎች በዴዴሳ ሸለቆ በጨዋቃ ሰፍረዋል። ከጨርጨር ደጋ የወረደ ገበሬ በእንዲህ ያለ ሞቃትና እርጥብ ቆላ የሚያገኘው አፈር ለመንጠቆ ትል የተመቸ ነው፤ በወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ ከማሳው ዳርም ዝንጀሮ አይጠፋም። ስለዚህ ሰፋሪ ከመጓዙ በፊት መመርመርና መታከም፣ ጎጆው ከመቆሙ በፊትም የመጸዳጃ ጉድጓዱና የውኃ ጉድጓዱ መዘጋጀት ይኖርበታል። ጎጆ ቀድሞ ጉድጓድ ከዘገየ፣ በመካከል ባለው ጊዜ ውስጥ መሬቱ ይበከላል።

ሸ. የመከላከያ ተግባር

አንደኛ፣ የውኃ ቦታ መለየት አለበት። ኩሬው ታጥሮ ከብቱ ወደ ውስጥ ሳይገባ በገንዳ ቢጠጣ፣ ሰውም ከምንጩ አናት ቢቀዳ፣ ከብትና አውሬ ደግሞ ከታች ቢጠጡ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ በሽታ ይቀንሳል። የመጠጥ ውኃ ይፈላ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ይኑረው። እርሱም ከውኃ ጉድጓድ በታችና የራቀ ይሁን፤ ሰንጋ ከሚታሰርበት ጓሮም ይለይ። በገጠር የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ረገድ ይመክራሉ።

ሦስተኛ፣ እርድ በቄራ ወይም በተወሰነ ቦታ ይፈጸም፤ የተበላሸ ጉበትና ሳንባ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ለውሻ አይሰጥ። በድርቅ የሞተ ከብትም በጥልቅ ይቀበር።

አራተኛ፣ እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ። ጫት፣ ሰላጣና ፍራፍሬ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቁ። ሕፃናት ጫማ ያድርጉ።

አምስተኛ፣ የትል መድኃኒት በወቅቱ ይወሰድ። በአገር አቀፍ ደረጃ ለትምህርት ቤት ልጆች የትል መድኃኒት የማደል ዘመቻ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። መድኃኒቱ በሆድ ያለውን ትል ቢያስወጣም ከደጅ ያለውን አፈር አያጸዳም፤ ከላይ የተዘረዘሩት ካልተፈጸሙ ልጁ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይያዛል።

ስድስተኛ፣ የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም ተመካክረው ይሥሩ። በአንድ መንደር ተቅማጥ በጥጆችም በሕፃናትም ላይ በአንድ ሰሞን ከታየ፣ ሁለቱ ሐኪሞች የሚፈልጉት ምክንያት አንድ ሊሆን ይችላል።

ብልሃርዝያ ባለበት ወንዝ ደግሞ የአገር ዕውቀት የሚሰጠው ጥቅም መረሳት የለበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው፣ እንዶድ የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ለመሆን እንደሚችል ለዓለም አሳውቋል።

ማጠቃለያ

ዝንጀሮን ከገደል፣ ጅብን ከከተማ፣ በሬን ከጓሮ ማባረር መፍትሔ አይሆንም። እነርሱም እንደ ሰው በአንድ ውኃ ላይ የተገናኙት በችግር ነው። በሰው እጅ ያለው ነገር የራሱን ዓይነ ምድር መቅበር፣ የሚጠጣውን ማፍላት፣ የሚያርደውን መመርመርና ለውሻው የሚሰጠውን ማወቅ ነው። ይህ በተደረገ ጊዜ ከመጋዘን የወጣው ኩንታል ለተጻፈለት ሕፃን ብቻ ይደርሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ሰውና ከብት ውኃ የሚጠጡት ከየት ነው? ቦታውን ለመለየት ምን ያህል ጉልበትና ዕቃ ያስፈልጋል?
2. ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት በኩሬ ዳር ሊሠራ የሚገባው ምንድን ነው?
3. ሰንጋ የሚያሰባ ቤተ ሰብ መጸዳጃ ጉድጓድ ባይኖረው በገቢው ላይ ምን ሊደርስበት ይችላል?
4. ባለፈው በዓል የታረዱት እንስሳት የተበላሸ ሆድ ዕቃ የት ተጣለ?
5. የትል መድኃኒት የወሰዱ ልጆች እንደገና የሚያዙት ስለምንድን ነው?